የእርጅና ቅናሽ

ሐምሌ ገባ ደግሞ፤ አራዳ ጨቀየ፤
ደንበኛው ቀነሰ፣ ዱቤውም ዘገየ።
የወተት ጣሳዬን ከመደርደሪያው ላይ
አወረድሁት ዛሬ፣ አንድ ዓመቴን እንዳይ።

የክር፣ የአዝራር፣ የገበር፣ የመርፌ፣
የመብራት፣ የኪራይ፣ ያኖርሁት አጥፌ።
ከማሽን የወጣው ቀለሙ ለቆታል፤
ክሩ ልብስ ሆኖ ሄዷል፣ ምስክሩ ነጥቷል።
የስንቱን ሰው ካፖርት በገበር ሰፍቼ
እኔው ልገብር ነው፣ ጣሳ ተሸክሜ፣ ዳገቱን ወጥቼ።

ከገቢዎች ደጃፍ ወረፋ ይዘናል፤
ባለወፍጮው ጌትዬ ዱቄት ለብሶ መጥቷል፤
ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ከኪሱ አልለየም፤
ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ብር ማንም።

ከመስኮቱ ጀርባ አዛናው፤ የባዩሽ የመጨረሻ ልጅ፤
የለበሰው ሱሪ፣ የጫፉ እጥፋት፣ የኔው እጅ።
«እትዬ ፈንታነሽ» አለኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ወጪ የሚባለው ገቢ ያመጣልሽ፣
ለሥራው የወጣ፣ ደረሰኝ ያለሽ።»

«ኪራይ?»
«ውሉ ይኸው።»
«ይቀነሳል።»
«መብራት?»
«በየወሩ ከፍዬ፤ ሲጠፋ ግን ሻማ።»
«የሻማው ደረሰኝ?»
«ለሻማ ደረሰኝ? ኧረ ተሰምቶም አያውቅማ!»
«የጨርቅ ማመላለሻ?»
«ባጃጅ ነው ከቅዳሜ ገበያ የሚያመጣልኝ፤
ልጁን በፉጨቱ ነው የማውቀው፤ ማን ይፈርምልኝ?»
«ለረዳትሽስ፣ ለጥሩዬ?»
«ደመወዟን በእጇ ነው የምሰጣት፤
መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተር እገዛላታለሁ፣ እርሳስ ጨምሬላት።»
«ደመወዙ ይያዛል፣ ከፈረመች። ደብተሩ ስጦታ ነው።»
«የመዘምራኑ ቀሚስስ? ክሩም ድካሙም ከኔ!»
«እሱን ላይ ቤት ያስሉልሽ፣ አይደርስም ከኔ።»
ጣቱ ወደ ጣሪያው ነበር፤
ሦስተኛ ፎቅ ይሁን ሰማይ አልገባኝም ነገር።

መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ፤
«ያለ እሱ የመርፌ ዓይን አይታየኝም» አልሁ።
«እሱ የግል ወጪ ነው» አለኝ፣ እያፈረ፤
ያፈረበት ሱሪ በዚያው መነጽር የተሰፋ ነበረ።

ቀጥሎ መኪናዬን ጠየቀ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው።
«አራት ክረምት አለፋት። ዕቁብ ሲደርሰኝ ነው።»
ፊቱ በራ። «እንግዲያው የእርጅና አላት!
ብረት ሲሠራ ያልቃል፤ ሕጉም ያውቅላታል፤
በየዓመቱ ከዋጋዋ ጥቂት ጥቂት ይነሣል።»

እርጅና!
ከመንግሥት አፍ ሰምቼው የማላውቅ ቃል።
«የማን?» አልሁት።
«የመኪናዋ» አለ።
«ፔዳሉን የሚረግጠው ጉልበትስ?»
ዝም አለ።
እስክሪብቶውን ፈለገ፤ ጆሮው ላይ ሰክቶት ነበረ።

ስወጣ ካፊያ ነው። በግንቡ ሥር አለፍሁ፤
ድንጋዩ ርሷል፣ እንግዶች ቲኬት ይዘው ሲገቡ አየሁ።
እሱ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤
እኔና መኪናዬ ግን ይቀነስብናል።

ከአታላይ ክር ሱቅ ገባሁ።
«ያለ ደረሰኝ ውሰጂ፣ ቅናሽ አለው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ስንት ዓመት በዚህኛው ቅናሽ ያንኛውን ቅናሽ ሸጥሁት!
«ቁረጥልኝ» አልሁት።
ቅር እያለው ቆረጠ፤
እኔም ሳልጨርስ ቀለሙን፣ በሌላ ወረቀት ገለበጥሁት።

ማታ መብራት ጠፋ። በሻማ ብርሃን
(የማይቀነሰው ሻማ) ጻፍሁ የዕለቱን፤
ክር፣ አንድ ደርዘን። በደረሰኝ።
የጥሩዬ ደመወዝ። በፊርማ።
ከዚያ አንድ መስመር ዘልዬ፣ ለአዛናው ሳይሆን ለራሴ፣
ጉልበት፣ የሠላሳ ዓመት።
ዓይን፣ ሁለቱም።
ያለ ደረሰኝ።